ከጀላቲን የግፊት ሴንሰር ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ይህን ሴንሰር፣ ማለትም ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ የሚለወጥ ጄል፣ ሲሠራ ብዙ ሰው የሚታገለው ከውህዱ ጋር ነው፤ ዋናው ጣጣ ያለው ግን ቅርጹና አለካኩ ላይ ነው። ለመነሻ 10 ግራም ጀላቲን፣ 40 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 40 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪንና 2 ግራም የገበታ ጨው ይበቃል። ፕሮቲኑ አካሉን ይይዛል፤ ኤሌክትሪኩን የሚያሻግሩት የጨው አዮኖች ናቸው።

ማፍላት። ጀላቲኑን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ነስንሰው 10 ደቂቃ ያርሱት፤ ከዚያ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ያሟሙት። ከፈላ የፕሮቲኑ ሰንሰለት ይበጣጠስና ጄሉ ልል ይሆናል። የጣፋጭ ጄሊ ዱቄት አይሆንም፤ አብዛኛው ስኳር ነው።

ግሊሰሪን መቆጠብ። ፋርማሲ የሚሸጠው ይበቃል። ካነሰ ውሃው ይተናል፣ ጄሉ ይኮማተራል፣ ማንም ሳይነካው ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የመቋቋም አቅሙ) ይጨምራል። በየቀኑ ቢመዝኑት መድረቁን ቀድመው ያውቁታል።

ልሙጥ አድርጎ ማፍሰስ። ጄል ሲጫኑት ወደ ጎን ያብጣል እንጂ ይዘቱ አይቀንስም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ኤሌክትሮዱ (ኤሌክትሪክ ወደ ጄሉ የሚገባበትና የሚወጣበት ንክኪ) ልሙጥ ጄል ላይ ሙሉ በሙሉ ከተለጠፈ ንባቡ ብዙም አይነቃነቅም። የሻካራ ብርጭቆ ወረቀት (ቁጥር 60 ወይም 80) ቅጂ በሲሊኮን ያውጡና ጄሉን እዚያ ላይ ያፍስሱ። ወረቀቱ ላይ በቀጥታ ካፈሰሱት ሲላጥ ይቀደዳል። ኤሌክትሮዱ ሻካራው ገጽ ላይ ይረፍ፤ ሲጫን የሚነካካው ስፋት ይጨምራል፣ ሬዚስታንሱም ይወርዳል።

በመልቲሜትር መለካት። ይህ ከሁሉም የባሰ ነው። መልቲሜትር ሬዚስታንስ የሚለካው አቅጣጫው በማይቀየር ኤሌክትሪክ ነው፤ አዮኖቹ ኤሌክትሮዱ ጋ ይከማቹና እጅዎን ካነሱም በኋላ ቁጥሩ መጓዙን አያቆምም። የመዳብ ኤሌክትሮድ ደግሞ በጨው ምክንያት ይዝግና ጄሉን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ የካርቦን ጨርቅ ይሻላል። አርዱዊኖ (በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ካለዎት ሴንሰሩንና 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ሁለት ዲጂታል ፒኖች (የሰሌዳው መሰኪያዎች) መካከል ያስገቡ። አንዱ ፒን 5 ቮልት ሲሆን ሌላው ዜሮ ይሁን፤ በየግማሽ ሚሊ ሰከንዱ ይገለብጧቸው (1 ኪሎ ኸርዝ ገደማ)፣ የሴንሰሩንና የሬዚስተሩን መገናኛም በአናሎግ ፒን ያንብቡ። ንባቡን ሲጨርሱ ሁለቱንም ዜሮ ያድርጓቸው።

በጣት መሞከር። ጄል 1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ማስተላለፉ 2 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የጣት ሙቀት ግፊት መስሎ ይታያል። ያ ብቻ ሳይሆን ጀላቲን የሰውነት ሙቀት አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር የፕላስቲክ ቁራጭ ላይ 100 ግራም ቢያስቀምጡ 9.8 ኪሎ ፓስካል ያገኛሉ። ክብደቱን ደረጃ በደረጃ ሲጨምሩም ሲቀንሱም ይመዝግቡ፤ የመውጫውና የመውረጃው መስመር አይገጥምም፣ የሴንሰሩ ስህተት ከዚያ ልዩነት ያነሰ ነው ብለው አይጻፉ።