የድሮ ፒካፕ መብራቷ ድርግም ሲል፣ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት

እኔ የማያስፈልገኝን ባትሪ ገዝቼ ነው የተማርኩት፣ እናንተ በነፃ ተማሩት። ፒካፔ የድሮዋ ዲዝል ሃይሉክስ ናት። አንድ ቀን አዘዞ እቃ ጭኜ ልነሳ ቁልፍ ሳዞር የዳሽቦርዱ መብራት ባንዴ ድርግም፣ ክላክስ የለ ምን የለ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ራሱ ተመልሶ በራ። ልጆች ገፍተው አስነሱልኝ ጋራዥ ወሰድኳት፣ ሰውየው ኮፈኑን ከፍቶ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ "ባትሪህ ሞቷል" አለኝ ገዛሁ። በሳምንቱ ያው።

መጀመሪያ ምልክቱን ለዩ። መብራቱ ቦግ ብሎ እየበራ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) አንዴ ቀጭ ብሎ ዝም ካለ ብዙ ጊዜ ሞተሪኖው ውስጥ ያሉት የመዳብ ኮንታክቶች ተበልተው ነው። ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ ከደጋገመ ባትሪው ደክሟል። ጭራሽ ምንም ካልበራ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ያለውን ዋናውን ፊውዝ እዩ። እንደኔ ቁልፍ ስታዞሩ ሁሉም ጠፍቶ ቆይቶ የሚመለስ ከሆነ ግን ተርሚናል (ባትሪው ላይ ኬብሉ የሚታሰርበት) ወይ ግራውንድ (ኔጋቲቩን ከሞተሩና ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው ኬብል) ነው፣ እዚህ ላይ ነው ሰው ብሩን የሚያፈሰው።

ከዛ መልቲሜትር፣ ርካሹም ይሆናል። 20 ዲሲ ላይ አድርጉትና ሌሊቱን ያደረ ባትሪ ለኩ፣ 12.6 ቮልት ካለ ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ፣ ከ12 በታች ባዶ በሉት። ባዶ ከሆነ ሞልታችሁ እንደገና ለኩ እንጂ ወዲያው ሞቷል አትበሉ፣ በተለይ ዳባትና ደባርቅ በኩል ብርድ ላይ ያደረ ባትሪ ጠዋት ጠዋት መድከሙ ያለ ነው። ደግሞ 12.6 አለ ብላችሁም አትመኑት! ሜትሩ ከባትሪው የሚስበው ከምንም አይቆጠርም፣ ኬብሉ ተበልቶ አንዲት ፀጉር የምታክል ሽቦ ብትቀረው እንኳ ሙሉ ያሳያችኋል፣ ሞተሪኖው ግን በመቶ የሚቆጠር አምፒር ሲጠይቅ ያቺ ፀጉር አትችልም።

ስለዚህ እየሠራ ለኩት። ማርሹን ዜሮ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎንደር ደልዳላ ቦታ ስለማይገኝ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። የሜትሩን አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ እርሳሱ (ከባትሪው ብቅ ያለው ጉብታ) ራሱ ላይ፣ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ ንፁህ ብረት ላይ ይዛችሁ ሌላ ሰው ቁልፍ ያዙር። ከ0.2 ቮልት በታች ካሳየ የኤሌክትሪኩ መንገድ ደህና ነው፣ 0.5 ካለፈ መንገዱ ላይ የሆነ ነገር አለ። የኔ ከ4 በላይ ነበር ያሳየኝ። ከዛ ከእርሳሱ ወደ ማሰሪያው፣ ከማሰሪያው ወደ ኬብሉ ጫፍ እያላችሁ ትቀራረባላችሁ፣ ቁጥሩ ዘሎ የሚወጣበት ቦታ ሌባው እሱ ነው። በፖዘቲቭም ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ብሎን እንደዛው ለኩ።

የኔ ሌባ ኔጋቲቩ ሞተሩ ላይ የሚታሰርበት ጫፍ ነበር። ከላይ ሲያዩት ምንም የለበትም፣ ላስቲኩን በምላጭ ስሰነጥቀው መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ እጄ ላይ ቀረ። ወፍራም ኬብል ቀየርኩ (የቤት መስመር ሽቦ እንዳታስሩ ይግላል)፣ የሚታሰርበትን ብረት ቀለሙ እስኪለቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄድ ሌላ ግራውንድም አለ እሱንም አትርሱ። ስትፈቱ ኔጋቲቭ ይቀድማል ስታስሩ መጨረሻ ነው፣ ተርሚናሉ ላይ ያለውን ነጭ ዱቄት በሙቅ ውሃና ቤኪንግ ሶዳ እጠቡት፣ አይናችሁን ጠብቁ አሲድ ነው።

ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ደግሞ ሞተር አስነስታችሁ ባትሪው ላይ ለኩ፣ ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ መሆን አለበት። 12 ምናምን ላይ ከቀረ ቺንጋው ላልቶ እንደሆነና የቻርጅ ፊውዙን እዩ። በነዚህ በድሮ ዲዝሎች የፍሬኑ ቫኪዩም ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ላይ ስለሆነ ዘይት የሚከለክለው ጎማ (ኦይል ሲሉ) ሲያረጅ ዘይት ወደ ዲናሞው ውስጥ ገብቶ ካርቦኑን (ብሩሹን) ያበላሸዋል። ሞተር እየሠራ ባትሪ ነቅሎ "ዲናሞው ይሠራል አይሠራም" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እጁን ያዙት፣ ዲናሞውን ያቃጥልባችኋል።

ቀን ደህና ውላ አድራ የምትሞት ከሆነ ሁሉን አጥፍታችሁ ሜትሩን 10 አምፒር ላይ አድርጋችሁ በባትሪው ኔጋቲቭና ከሱ በፈታችሁት ኬብል መሀል አስገቡት፣ ከ50 ሚሊ አምፒር በላይ ከሳበ ፊውዝ አንድ በአንድ እየነቀላችሁ የትኛው ሲነቀል እንደሚወርድ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ በኋላ የተገጠመ ቴፕ ወይ አላርም ነው። ሜትሩ እንደገባ ግን ቁልፍ እንዳታዞሩ የሜትሩ ፊውዝ ወይ ሜትሩ ራሱ ይቃጠላል።

ያ ሞቷል የተባለው ባትሪ አሁንም ቤት አለ፣ ማታ መብራት ሲሄድ ሁለት አምፖል ያበራልናል።