ድንበር ተሻጋሪ የኤሌክትሪክ መስመር፦ ገንዘቡ በምን ቅደም ተከተል ይገኛል?

ሁለት ጎረቤት አገሮች ኃይል ለመገበያየት ሲስማሙ ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚሮጡት ወደ አበዳሪ ነው። አበዳሪው ግን ስለ ምሰሶና ሽቦ ከመጠየቁ በፊት ኃይሉን ማን፣ ለስንት ዓመት እንደሚገዛ፣ ገዢው ባይወስድስ ማን እንደሚከፍል ማወቅ ይፈልጋል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከኃይል ግዢ ስምምነቱ ነው።

ስምምነቱ ቢያንስ ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ መዝለቅ አለበት። የሜጋዋቱ መጠን፣ የኪሎዋት ሰዓት ዋጋ፣ የሚከፈልበት ገንዘብና የርክክብ ነጥቡ በግልጽ ይጻፉ። ቆጣሪው የት ይተከል የሚለው ተራ ጉዳይ ይመስላል፤ በመንገድ የሚባክነው ኃይል በማን ሒሳብ እንደሚያዝ የሚወስነው ግን እሱ ነው። "ውሰድ ወይም ክፈል" የሚል አንቀጽ (ገዢው ኃይሉን ባይወስድም እንዲከፍል የሚያስገድድ) የሌለው ውል ይዞ ባንክ ዘንድ መቅረብ በከንቱ መድከም ነው።

ቀጥሎ ሒሳቡ ይሠራ። 500 ሚሊዮን ዶላር የሚፈጅ፣ 500 ሜጋዋት የሚሸከም መስመር እንውሰድ። ሙሉ ወጪው በብድር ተሸፍኖ በ25 ዓመት በእኩል ዓመታዊ ክፍያ የሚመለስ ቢሆን፣ በ2 በመቶ ወለድ በዓመት 25.6 ሚሊዮን፣ በ8 በመቶ ደግሞ 46.8 ሚሊዮን ዶላር ያስከፍላል። በአማካይ የአቅሙን 60 በመቶ ከሠራ በዓመት 2,628 ጊጋዋት ሰዓት ያስተላልፋል፤ ዕዳው እንደ ወለዱ በኪሎዋት ሰዓት 1 ወይም 1.8 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ይደርሳል። አጠቃቀሙ ወደ 20 በመቶ ሲወርድ ግን 2.9 እና 5.3 ሳንቲም ይሆናል። ጥገናው ገና አልተጨመረም።

ይህ የወረቀት ላይ ስጋት ብቻ አይደለም። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄደው የ500 ኪሎቮልት ቀጥተኛ ጅረት መስመር 2,000 ሜጋዋት እንዲሸከም ተሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ንግዱ ሲጀመር ውሉ 200 ሜጋዋት ነበር። አብዛኛው ገንዘብ ከዓለም ባንክና ከአፍሪካ ልማት ባንክ በረጅም ጊዜ ብድር የመጣ በመሆኑ ጅምሩ ዝግ ማለቱን መቋቋም ይቻላል። ሙሉ በሙሉ በንግድ ብድር ለሚሠራ መስመር እንዲህ ያለ ጅምር አይመከርም።

ባለቤትነቱን በሚመለከት ቀላሉ መንገድ እያንዳንዱ አገር በግዛቱ ያለውን ክፍል ራሱ ተበድሮ መሥራቱ ነው፤ የኢትዮጵያና ኬንያ መስመር በዚህ መልክ ተሠርቷል። አገሮቹ ሲበዙ የጋራ ኩባንያ ይሻላል። ስድስት የመካከለኛው አሜሪካ አገሮችን የሚያገናኘው የ230 ኪሎቮልት መስመር፣ እንዲሁም ኮትዲቯርን፣ ላይቤሪያን፣ ሴራሊዮንንና ጊኒን የሚያያይዘው የ225 ኪሎቮልት መስመር የሚተዳደሩት በእንዲህ ዓይነት ኩባንያ ነው። ሕንድና ኔፓል ደግሞ ለዳልኬባር–ሙዛፋርፑር መስመር በየድንበራቸው ኩባንያ አቋቁመው፣ የኔፓል ኤሌክትሪክ ባለሥልጣን ለ25 ዓመት የማስተላለፊያ ክፍያ ግዴታ ገባ። የግል ገንዘብ ለመሳብ የሚያስችለው እንዲህ ያለ ግዴታ ነው።

እያንዳንዱ አገር የየራሱን ክፍል ሲሠራ ትልቁ አደጋ የአንዱ ወገን መዘግየት ነው። የጨረሰው አገር መስመር ሥራ ፈትቶ ይቆማል፤ የብድሩ የእፎይታ ጊዜ (ዋናው ዕዳ መከፈል የማይጀምርበት) ግን ይቆጥራል። መፍትሔው የሁለቱን ብድሮች ተፈጻሚነት እርስ በርስ ማሰር፣ ለሁለቱም ወገን አንድ አማካሪ መሐንዲስ መቅጠርና ያዘገየው ለሌላው ካሳ የሚከፍልበትን አንቀጽ መጻፍ ነው። ፊርማ ብቻውን ገንዘብ አያስለቅቅም፤ ፓርላማው እስኪያጸድቅና ቅድመ ሁኔታዎች እስኪሟሉ ወራት ይሄዳሉ፤ በብዙ ብድሮች ደግሞ ያልተወሰደ ገንዘብም ክፍያ አለው።

የመሬት ካሳ አብዛኛውን ጊዜ ከመንግሥት በጀት ስለሚጠበቅ ሥራው የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ተቋራጩ ወደ ቦታው ከመግባቱ በፊት የካሳው ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ። ኬንያ ውስጥ 310 ሜጋዋት የሚያመነጨው የቱርካና ሐይቅ የነፋስ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2017 ተጠናቆ ሳለ መስመሩ የደረሰው በ2018 ነው። የካሳ ውዝግብና የተቋራጩ ኪሳራ አዘግይተውት፣ ላልተወሰደ ኃይል ክፍያ ተጠየቀ።

ገዢው ከደንበኞቹ የሚሰበስበው በአገሩ ገንዘብ፣ የሚከፍለው በዶላር ነው። የምንዛሪ እጥረት ሲመጣ ደረሰኝ ይከማቻል። የሦስት ወር ክፍያ የሚሸፍንና ሲነካ ወዲያው የሚሞላ የባንክ ሌተር ኦፍ ክሬዲት (ገዢው ባይከፍል ባንኩ የሚከፍልበት ሰነድ) ይጠየቅ። የገዢው ድርጅት ሒሳብ ደካማ ከሆነ የመንግሥት ዋስትና ይታከልበት፤ ያም ካልበቃ የልማት ባንክ ከፊል የስጋት ዋስትና፣ ማለትም መንግሥት ግዴታውን ባይወጣ የጉዳቱን ከፊል የሚሸፍን ዋስትና፣ አለ።

በመጨረሻ መለዋወጫ። ቀጥተኛ ጅረት ከተመረጠ ለየኮንቨርተር ጣቢያው (ተለዋዋጭ ጅረትን ወደ ቀጥተኛ፣ ቀጥተኛውንም ወደ ተለዋዋጭ የሚቀይረው) አንድ ትርፍ ትራንስፎርመር በዋናው ግዢ ውስጥ ይካተት። ብልሽት ከደረሰ በኋላ አዲስ ማሠራት ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ መስመሩ እስኪጠገን በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ቢቆምም የብድሩ ክፍያ አይቆምም።