ሴንትኦኤስ 7ን ጥለን ዴቢያን ገባን (ማታ ማታ የሚዘጋው ዲኤንኤስም ተፈታ)

ሀዋሳ አንዲት ትንሽዬ ኢንተርኔት አከፋፋይ ጋ ነው የምሰራው፣ ዲኤንኤሱም (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይረው) ራዲየሱም (ደንበኛ ሲገባ ማንነቱን የሚያጣራው) አንድ አሮጌ ሴንትኦኤስ 7 (የሊኑክስ ዓይነት) ሰርቨር ላይ ነበር የተከመረው። የሱ ድጋፍ ሰኔ 23/2016 አልቋል፣ ሶፍትዌር መጫኛውን «ያም»ን (yum) ስታዙት ሚረርሊስቱን (የማውረጃ ሰርቨሮቹን ዝርዝር) አላገኘሁትም ይላችኋል፣ እኔ የራሳችን ዲኤንኤስ የተበላሸ መስሎኝ ግማሽ ቀን ለፋሁ፣ ለካ የሚረርሊስቱ አድራሻ ራሱ ተዘግቷል። አለቃዬ ፍሪቢኤስዲ (ሊኑክስ ያልሆነ ሌላ ስርዓት) እናድርገው አለ፣ አሪፍ ነው አልካድኩም፣ ግን እኔ ፈቃድ ስወጣ ሌሊት 8 ሰዓት ተነስቶ የሚነካካው ማነው? ስለዚህ ዴቢያን 12 (ሌላ የሊኑክስ ዓይነት) አደረግነው፣ የደህንነት ፓቹ በፈረንጅ እስከ 2028 አለ።

የባሰው ከዛ መጣ። ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ገጽ አልከፍት ይላል፣ ፒንግ ግን ሰላም ነው። የከርነል ሎጉን ሳይ «ኮንትራክ ቴብል ፉል፣ ድሮፒንግ ፓኬት» ብቻ (የግንኙነት መመዝገቢያው ሞልቷል፣ ፓኬት እየጣልኩ ነው ማለት ነው)። ለካ ፋየርዎሉ እያንዳንዷን የዲኤንኤስ ጥያቄ መዝግቦ 30 ሰከንድ ይይዛታል። የቴብሉን መጠን ከፍ አደረኩት፣ ሁለት ቀን ሰራና ያው። በመጨረሻ በኤንኤፍቴብልስ (የሊኑክስ ፋየርዎል ማዘዣ) ዲኤንኤስ የሚሄድበትን የዩዲፒ ፖርት 53ን ገቢውንም ወጪውንም ኖትራክ (አትመዝግብ) አደረኩና ተገላገልኩ፣ ግን ስላልተመዘገበ ፋየርዎሉ አያውቀውምና ተመላሹን ፓኬት በግልጽ ፍቀዱለት፣ እኔ ረስቼው ደንበኛ በሙሉ ሲደውልልኝ ዋለ።