ጫፉ ሲደርቅ ውሃ ከመጨመራችሁ በፊት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ግቢያችን ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ሥር ሣር አልይዝ ሲል ስፓይደር ፕላንት የሚባለውን ረጅምና ቀጭን ቅጠል ያለው ተክል ተከልንበት። ጥላ ይወዳል፣ አንዴ ከያዘ ለዓመታት ይቆያል፣ መሬቱንም ጥሩ አድርጎ ይሸፍናል። ድሬ ላይ ግን ቅጠሉ ቶሎ ይደርቃል። ሰው ያን ሲያይ ወዲያው ውሃ ይጨምራል። አቦ፣ ቆዩ! መጀመሪያ የቱ ጋ እንደደረቀ እዩ።

ጫፉ ብቻ ቡናማ ከሆነ፦ ብዙ ጊዜ ችግሩ ውሃው ራሱ ነው። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ኖራ ሁላችንም እናውቀዋለን። አፈሩም ውስጥ እንደዚያው ይከማቻል። ውሃውን ማሳደር ክሎሪኑን ይቀንሳል እንጂ ኖራውን አያወጣውም። ስለዚህ የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ ከቆርቆሮው በበርሜል አጠራቅሙ። እሱ ሲያልቅ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አትርጩ። አልፎ አልፎ፣ ግን በደንብ አርሱት፤ የተከማቸው ጨው አብሮ ወደ ታች ይወርዳል። የደረቀውን ጫፍ በመቀስ ስትቆርጡ ቀጭን ቡናማ መስመር ተዉለት። አረንጓዴውን ከነካችሁ ከዚያው ላይ እንደገና ይደርቃል።

የቅጠሉ መሃል ነጥቶ ከተቃጠለ፦ ፀሐይ ነው። የግንቦት የከሰዓት ፀሐይ በኒሙ ቅርንጫፎች መሃል ሾልኮ ይገባል። ወደ ግድግዳው ጥላ አዛውሩት።

ቅጠሉ በሙሉ ቢጫ ሆኖ ከተዝለፈለፈ፦ አንዱን ነቅላችሁ ሥሩን እዩ። ጤነኛው ሥር ነጭ፣ ወፍራምና ጠንካራ ነው። ውሃ የሚያጠራቅመው እዚያ ስለሆነ ጥቂት ቀን ቢጠማ አይሞትም። ሥሩ ቡናማ ሆኖ ስትጨብጡት ከተንሸራተተና ከሸተተ ግን ውሃ በዝቶበት በስብሷል። የበሰበሰውን ቆርጣችሁ ጣሉ፣ አፈሩ ላይ አሸዋ ቀላቅሉ፣ ጣታችሁን ከትታችሁ ላዩ ካልደረቀ አታጠጡ። እናትየው ባትተርፍ እንኳ ረጅሙ ዘንግ ላይ የሚወጡት ልጆቿ አሉ። አንዱን አፈር አስነክታችሁ በታጠፈ ሽቦ ያዙት። ሥር እስኪሰድ ከእናቱ አትቁረጡት።

ጤነኛ ሆኖ አልስፋፋ ካለ ደግሞ የኒሙ ሥር ውሃውን እየቀደመው ነው። የበሰበሰ ፍግ ስስ አድርጋችሁ አልብሱትና ወደ 20 ሳንቲሜትር እያራቃችሁ ትከሉ። ፍጉን ግንዱ ላይ አትከምሩ፣ ዛፉም ይታመማል።