ከልጅዎ ጋር ከመወለዱ በፊትና በኋላ የሚተዋወቁበት መንገድ

የመጀመሪያ እርግዝናዎ ከሆነ የፅንሱን እንቅስቃሴ የሚያውቁት ብዙውን ጊዜ 20ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። በሥራ ሲዋከቡ ሊያልፍዎት ስለሚችል፣ ጅማ ውስጥ መቼም የማይቀረው የከሰዓት ቡና እስኪፈላ አረፍ ብለው እጅዎን ሆድዎ ላይ ያሳርፉ። ፅንሱ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ድምፅዎን ይሰማል፤ ሲወለድም ከሌላ ሴት ድምፅ ለይቶ ያውቀዋል። ስለዚህ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ፣ ቤት ውስጥ በሚነገረው ቋንቋ ያነጋግሩት። ሆድን ማነጋገር የሚያሳፍርዎ ከሆነ እሹሩሩ ማንጎራጎር ይበቃል።

በቅድመ ወሊድ ክትትል ወቅት፣ ልጁ እንደተወለደ ደረትዎ ላይ እንዲያደርጉልዎ አዋላጇን አስቀድመው ይጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው እናትና ልጅ ደህና ከሆኑ፣ ሕፃኑ ገላው ደርቆ ራቁቱን በእናቱ ገላ ላይ ተኝቶ፣ ከላይ በደረቅ ጨርቅ ተሸፍኖ ቢያንስ 1 ሰዓት ሳይነጠል ሊቆይ ይገባል። በዚህ ጊዜ የሕፃኑ ሙቀት፣ ትንፋሽና የልብ ምት ይረጋጋል፤ በእናቲቱ ሰውነት የሚመነጨው ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞንም ማሕፀኗ እንዲኮማተርና ጡቷ ወተት እንዲያፈስ ይረዳል። በዚያው ሰዓት ውስጥ ማጥባት ይጀምሩ። እንገሩ አይታለብ፣ አይደፋ፤ ቅቤ ማላስና ስኳር ውኃ መስጠትም ይቅር። ገላውን ማጠብ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይዘግይ፤ በተለይ በጅማ ክረምት ብርዱ ቀላል አይደለም። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናትም ነቅታ ከተረጋጋች ልጇን ደረቷ ላይ ማቀፍ ትችላለች።

ቤት ከገቡ በኋላ የሚያስቸግረው፣ በእኔ እምነት፣ የጠያቂ ብዛት ነው። አራስ መጠየቅ መልካም ባህል ቢሆንም ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ውሎ ለእናቱ የሚደርሰው ሲያለቅስ ብቻ መሆን የለበትም፤ እናትዎ ወይም አማትዎ እንግዳውን ገንፎ እያቀረቡ ቢያስተናግዱልዎ፣ እርስዎ ከልጅዎ ጋር ጓዳ ቢቆዩ ማንም አይቀየምም። አዲስ የተወለደ ልጅ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያለውን ነው፤ ሲያጠቡት ፊትዎ የሚገኘው በዚሁ ርቀት ላይ ስለሆነ ስልክዎን አስቀምጠው ዓይኑን ይዩት። ያለ ጊዜው ወይም ከ2.5 ኪሎ ግራም በታች ለተወለደ ልጅ ደግሞ ገላ ለገላ ማቀፉ ራሱ ሕክምና በመሆኑ፣ አያያዙን ከጤና ባለሙያ ይማሩ።

ፍቅሩ ወዲያው ባይሰማዎት ራስዎን አይውቀሱ፤ ለብዙ እናቶች ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስም የተለመደ ነው። ሐዘኑ ከ2 ሳምንት ካለፈ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ራስን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀን ሳይቆጥሩ ለቅርብ ሰው ተናግረው ወዲያውኑ ሆስፒታል ይድረሱ።