ወሎን ለመጎብኘት ጉዞው እንዴት ይታቀዳል? ከሰኞ ይጀምሩ

ወደ ወሎ ለሽርሽር የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያሰላው ብሩንና የእረፍት ቀኑን ነው። እኔ የምመክረው ሰኞን ማስላት ነው። የባቲ ገበያ የሚቆመው ሰኞ ሲሆን ከአገሪቱ ትልልቅ የገጠር ገበያዎች አንዱ ነው፤ አፋሩ ግመሉን እየነዳ፣ ደገኛው እህሉን ጭኖ፣ የአካባቢው ኦሮሞ ፍየልና ከብቱን ይዞ የሚገናኝበት ቦታ ነው። ማክሰኞ የደረሰ ሰው የሚያገኘው ሙቀትና የመንገድ ዳር ከተማ ብቻ ነው። የደሴው አይጠየፍ አዳራሽና የሐይቅ ገዳም በማንኛውም ቀን ይታያሉ፤ ስለዚህ ሌላው ሁሉ ለሰኞ ይታዘዝ።

1. ወሩን መምረጥ

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ በጭጋግ ተሸፍና ከሆቴል መስኮት ማዶውን ማየት ያቅታል። ከሌላ አካባቢ የሚመጣ ሰው የሚዘነጋው በልግን ነው፤ ወሎ በልግ አብቃይ ስለሆነች ከየካቲት እስከ ሚያዝያም ዝናብ ይጥላል፣ ከአስፋልት የወጣ መንገድ ይጨቀያል።

በዓላትንም ይዩ። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ነው፤ በዚያ ሳምንት የደሴ አልጋ ሁሉ በምእመናን ይያዛል፣ መኪናውም ግሸን ወዳለበት ወደ አምባሰል ይዞራል። ግሸን ራሱን ሊሳለሙ ከሆነ እሰየው፣ ወፍራም ጋቢና የሚረግጥ ጫማ ይያዙ፣ የመጨረሻው ዳገት በእግር ነው። ለገበያና ለሐይቅ ብቻ ከሆነ ግን ከንግሡ አንድ ሳምንት ዘግይተው ይሂዱ። በረመዳን ደግሞ ባቲ ላይ ቀን የሚበላ ፍለጋ መንከራተት አለ፤ ማታ ግን ከተማው ይደምቃል።

2. ከሰኞ ወደ ኋላ መቁጠር

እቅድ የሚበላሸው እዚህ ጋ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ 375 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ደሴ ደግሞ ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ሽቅብ። ካርታ ላይ ሲያዩት ግማሽ ቀን ይመስላል። መንገዱ ግን በደብረ ብርሃን አልፎ ከጣርማበር ዋሻ ሲወጣ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ደጋ ተወርውሮ ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ይወርዳል፤ ከዚያ በሰንበቴ፣ በአጣዬና በከሚሴ ቆላውን ይዞ ሄዶ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ጠመዝማዛው፣ ከባድ መኪናው፣ ከብቱና ፍተሻው ተደምሮ ሙሉ ቀን ይበላል። እሁድ ረፋድ ላይ ተነስቶ ሰኞ ጠዋት ባቲ እገኛለሁ ማለት ጎማ እንዳይፈነዳ ስለት መግባት ይፈልጋል።

በሕዝብ ማመላለሻ የሚሄድ ሰው ቅዳሜ ይነሳ። ቅዳሜ ማታ ደሴ ይደር፣ እሁድን ደሴ ይዋል፣ እሁድ አመሻሽ ላይ ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ወርዶ ኮምቦልቻ ይደር። «ለአንዲት ሌሊት ሻንጣ እንደገና ማሰር ለምን?» የሚል ይኖራል። ወደ ባቲ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለው ከኮምቦልቻ ነው። ከደሴ የሚነሳ ሰው በጭጋግ ሐረጎን መውረድ፣ ኮምቦልቻ ላይ መኪና መቀየር፣ ከዚያ እስኪሞላ መጠበቅ አለበት፤ ባቲ ሲደርስ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ ገበያው ጫፉን አልፏል። ከኮምቦልቻ ግን ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሚኒባሱ በነጋዴ ቶሎ ይሞላል።

እሁድን ባቲው ማደርስ? የሚያድሩ አሉ፤ ገበያው ሲነቃ ከመጀመሪያው ያያሉ። እኔ አልመርጠውም። በገበያ ዋዜማ አልጋው በነጋዴ ይያዛል፣ ሌሊቱ ይሞቃል፣ ትንኝም አለ። አልጋ አስቀድሞ የያዘላችሁ ዘመድ ካለ ሌላ ነገር ነው።

የራሱ መኪና ያለው ሰው ሌላ ዕድል አለው፤ የሰንበቴ ገበያ የሚቆመው እሁድ ነው። እሁድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከአዲስ አበባ ወጥቶ፣ ሰንበቴ ላይ አንድ ሁለት ሰዓት ወርዶ አይቶ፣ ኮምቦልቻ አድሮ፣ ሰኞን ባቲ መዋል ይቻላል፤ በሁለት ቀን ሁለት ገበያ። አውቶቡስ የያዘ ሰው ግን ሰንበቴ ላይ ልውረድና ሌላ መኪና እይዛለሁ እንዳይል፤ በገበያ ቀን የሚያልፈው ሁሉ ሞልቶ ነው የሚያልፈው።

3. መንገዱን መጠየቅ

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ሁኔታ መንገዱን ቀን በቀን የሚለያይ አድርጎታል። አንዱ ሳምንት ክፍት የነበረው በሌላው ይዘጋል፣ ባቡር ተራ የሚመስል የመኪና ሰልፍ ኬላ ላይ ያድራል። ስለዚህ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ግን አጠያየቁ ይለያያል።

«መንገዱ ሰላም ነው?» ብለው ከጠየቁ መልሱ ሁልጊዜ «አልሃምዱሊላህ ሰላም ነው፣ አብሽር» ነው፤ ሰላምታ የጠየቁ ነው የሚመስለው። ትኬት ሻጩም ሊሸጥልዎት ነው የቆመው። መናኸሪያ ገብተው ትናንት ከዚያ የመጣ ሾፌር ወይም ረዳት ይፈልጉና እንዲህ ይበሉ፦ «ትናንት ከደሴ ስንት ሰዓት ተነሳችሁ? ስንት ሰዓት ገባችሁ? የት የት ቆማችሁ?» የተለመደው ሰዓት ላይ ከገቡ መንገዱ ደህና ነው። ሲያመነታ፣ ወይም «ከሚሴ ላይ ትንሽ ቆይተን ነበር» ካለ፣ አንድ ቀን ማዘግየት አይከፋም። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚያውቁት ሰው ካለ ደግሞ በጠዋቱ ይደውሉ።

መታወቂያ ከኪስ አይለይ። ኬላና ወታደር ፎቶ አይነሳም፣ በስህተትም ቢሆን፤ መኪናው ወደ ኬላ ሲቃረብ ስልክዎን ኪስ ያስገቡ። በማታ አይጓዙ፤ የመሸበት ቦታ ማደር ነው።

4. ትኬትና ሰዓት

የደሴ አውቶቡስ ከላምበረት መናኸሪያ ይነሳል። ትኬቱን በዋዜማው ይቁረጡ፤ የማለዳው መናኸሪያ የደላላ ነው። በአውሮፕላን የሚሄዱ ከሆነ የኮምቦልቻ አየር ማረፊያ አለ፣ ከዚያ ደሴ ሽቅብ ታክሲ ይያዛል። የአውሮፕላን ትኬት ላይ 06:30 የሚለው በእኛ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ ከውጭ የመጣ እንግዳ ይዘው ከሆነ ደግሞ የአውቶቡሱን «11 ሰዓት» ተርጉሙለት፣ አለበለዚያ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ይመጣል።

5. ልብስ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850፣ ባቲ ደግሞ 1,500 አካባቢ። በአንድ ቀን ውስጥ ጃኬት ለብሰው ተነስተው በሸሚዝ ያልብዎታል። ሻንጣ ከላይ ከታሰረ መንገድ ላይ አይወርድም፣ ስለዚህ ጃኬቱና ቀጭኑ ልብስ ሁለቱም በእጅ ቦርሳ ይሁኑ። ባርኔጣ፣ ነጠላ ወይም ሻሽ፣ የተዘጋ ጫማ። ሴቶች ነጠላ ቢይዙ ለገዳሙም ለገበያውም ያገለግላል። በጉልበት የሚቀር ሱሪ ለሁለቱም አይሆንም።

6. ባቲ ላይ

ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ያለው ጊዜ ዋናው ነው። ከመኪና ሲወርዱ ልብስና ሸቀጡ ይቀበልዎታል፤ እዚያ አይያዙ፣ በቀጥታ ወደ ግመልና ከብት ተራው ይሂዱ፣ መጀመሪያ የሚበተነው እሱ ነው። እህል ተራው፣ በርበሬውና ጨው ሻጩ እስከ ቀትር ይቆያሉ፣ ሲመለሱ ያገኟቸዋል። ከግመል ኋላ አይቁሙ።

ፎቶ ላይ ጠንቃቃ ይሁኑ። ካሜራ አውጥቶ ከሩቅ መተኮስ ጠብ ያመጣል፣ በተለይ ጊሌ (የአፋር ጩቤ) ከታጠቀ አፋር ጋር። ሰላም ብለው፣ የግመሉን ዋጋ ጠይቀው፣ ትንሽ ተጫውተው ከዚያ በእጅ ምልክት ያስፈቅዱ። እምቢ ካለ እምቢ ነው፤ ብር አሳይቶ ማግባባቱን አልወደውም፣ ከእርስዎ ኋላ የሚመጣውን ሰው ያስቸግራል። አስጎብኚ ነኝ የሚል ልጅ ይከተልዎታል። አንድ ልጅ ይምረጡና ክፍያውን አስቀድመው ይነጋገሩ፤ አንዱ ከተያዘ ሌሎቹ ይተዋሉ፣ ካልተያዘ አሥሩም ይከተላሉ።

ብር በዝርዝር ይያዙ። ቴሌብር ሱቅ ውስጥ ይሠራል፣ ፍየል ተራ ላይ ግን እጅ በእጅ ነው። ውኃ ሁለት ሃይላንድ ከኮምቦልቻ ይዘው ይምጡ።

መመለሻውን አያዘግዩ። ከ8 ሰዓት በኋላ ነጋዴው ከነጭነቱ ወደ መናኸሪያ ይወርዳል፤ ያኔ በትርፍ ተጭኖ፣ ዶሮ እግር ሥር አድርጎ መሄድ ይመጣል።

7. ደሴና ሐይቅ

ደሴ ላይ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ይዩ። የደሴ ሙዚየም ቀድሞ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ቤት ነው፤ በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፎ ጉዳት ስለደረሰበት ከመሄድዎ በፊት ክፍት መሆኑን ያጣሩ። ጊዜ ካለ አዝዋ ገደል አፋፍ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ማየት ነው።

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፣ ሚኒባስ አይጠፋም። ከከተማዋ ወደ ውኃው ባጃጅ ይያዙ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ትልቅ የትምህርት ቦታ የሆነ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ነው። ሴቶች ወደ ገዳሙ ውስጥ አይገቡም፤ ይህንን ሳይነግሩ ሴት ጓደኛን ይዞ ሄዶ በር ላይ ማስቀመጥ ነውር ነው። ከመነሳት በፊት ተነጋገሩ፤ በሐይቁ ዳር ቆረሶ ዓሣ እየበሉ መጠበቅ እንደሆነ ክፉ አይደለም።

ላሊበላን በዚህ ጉዞ ላይ ለመደረብ አይሞክሩ። ወልድያ ብቻዋን ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ናት፣ ከዚያም ወዲያ ዳገቱ ገና ነው። ላሊበላ የራሷ አየር ማረፊያ አላት፣ የራሷን ጉዞ ትፈልጋለች።

8. መብልና ቡና

ሥጋ ቤት ሲገቡ «የማነው?» ብሎ መጠየቅ በወሎ ነውር አይደለም፣ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ የተለየ ስለሆነ ባለቤቱ ራሱ ይነግርዎታል። የተቀላቀለ ጓደኛ ይዛችሁ ከሆነ በጾም ምግብ ወይም በዓሣ መስማማት ይቀላል። ቤት ተጠርተው ቡና ከተፈላ አቦሉን ጠጥተው አይነሱ፤ በረካው ላይ ምርቃት አለ፣ ትልልቆቹ ሼሆችና እማማዎች ሲመርቁ «አሚን» ማለት ነው። ሰዓት ከጠበበ መጀመሪያውኑ «ሌላ ቀን» ብሎ ይቅርታ መጠየቅ ይሻላል።

9. ወባ

ደሴ ላይ ወባ አያሰጋም፤ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻና ባቲ ግን ከ2,000 ሜትር በታች ናቸው። የሚብሰው ደግሞ ለጉዞ ጥሩ ባልኩት ወቅት፣ ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። የወባ ትንኝ የምትነክሰው ሌሊት ስለሆነ ሆቴል ሲገቡ ከቴሌቪዥኑ በፊት አጎበሩን ይዩ፤ የተቀደደ ከሆነ ክፍል ያስቀይሩ። አመሻሽ ላይ እጅጌው የረዘመ ይልበሱ። ከውጭ አገር የሚመጣ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ተጓዥ ስለ መከላከያ መድኃኒት አስቀድማ ሐኪም ታማክር።

ወባ ከተነከሱ ማግስት አትታይም፣ ቢያንስ ሳምንት ያህል ትቆያለች፤ ብዙ ሰው አዲስ አበባ ተመልሶ ብርድ ብርድ ሲለው ጉንፋን ነው ብሎ የሚተኛው ለዚህ ነው። ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዘዎት በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደው «ቆላ አድሬ ነበር» ይበሉና ደምዎን ያስመርምሩ። ጎረቤት ከመሳቢያ አውጥቶ የሚሰጥዎትን የተረፈ ኮአርተም ሳይመረመሩ አይዋጡ።