ኤምአርአዩን ከመክፈታችሁ በፊት የነርቩን ስም ጻፉ

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። አዲስ ለሚመጡ ባልደረቦቼ ሁሌ የምነግራቸው ነገር አለ፦ የወገብ ኤምአርአይ ከማየታችሁ በፊት የጠረጠራችሁትን ነርቭ ወረቀት ላይ አስፍሩ። ፎቶው ቀድሞ ከታየ ሐሳባችሁን ይወስደዋል። በ2015 የወጣ የጥናቶች ግምገማ እንደሚለው፣ ምንም ሳያማቸው የወገብ ፎቶ ከተነሱት የ20 ዓመት ወጣቶች 30 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አዛውንቶች ደግሞ 84 በመቶው ዲስካቸው (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) ወደ ውጭ ገፍቶ ተገኝቷል። ስለዚህ የገፋ ዲስክ ማየት ብቻውን የህመሙን ምንጭ አይነግራችሁም።

በመጀመሪያ ህመሙ የሚወርድበትን መስመር ታካሚው በራሱ ጣት ያሳያችሁ። ከቁርጭምጭሚት በታች ባለው የእግሩ የላይኛው ገጽ አልፎ አውራ ጣቱ ጋ ከደረሰ ኤል-5ን (አምስተኛውን የወገብ ነርቭ)፣ በውጭ በኩል ወደ ትንሿ ጣት ከሄደ ኤስ-1ን (ከወገብ ነርቮች ቀጥሎ ያለውን ነርቭ) ጠርጥሩ።

ከዚያ ጫማና ካልሲ ይውለቅ። ሰው ስለበዛ፣ ሰዓት ስለሄደ ተብሎ ይህ ሲዘለል በጣም ያሳዝነኛል። የእግሩን አውራ ጣት ወደ ላይ ያንሳና እናንተ በጣታችሁ ወደ ታች ግፉት። ሁለቱንም እግር እኩል ግፉ። ትንሽ ልዩነት የምትታወቀው ያኔ ነው። ኤል-5 በመዶሻ የሚያዝ አስተማማኝ ሪፍሌክስ (ሲመታ ሳይታዘዝ የሚመጣ የጡንቻ እንቅስቃሴ) ስለሌለው ይህች ጣት ትልቅ ምስክር ናት። ለኤስ-1 ደግሞ በአንድ እግሩ ቆሞ ተረከዙን ደጋግሞ ያንሳ። ባት ጠንካራ ጡንቻ ነው፤ አንዴ ብቻ ካነሳ ድካሙ ይደበቃል። መዶሻውን ጉልበት ላይ ለኤል-4 (ለአራተኛው የወገብ ነርቭ)፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ለኤስ-1 ተጠቀሙበት።

አሁን በጀርባው ይተኛ። ጉልበቱ ሳይታጠፍ እግሩን ቀስ አድርጋችሁ አንሱ። ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ውስጥ ህመሙ ከጉልበት በታች ከወረደ ነርቭ ተነክቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። የታፋ ጀርባ መወጠር ብቻ አይቆጠርም። ደህናውን እግር ስታነሱ የታመመው እግር ላይ ህመሙ ከመጣ ግን ጥርጣሬያችሁ በጣም ይጠንክር።

ብልትና መቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት አልወጣ ማለት ወይም የሁለቱም እግር መዛል ካለ ግን በምርመራ ሰዓት አታባክኑ። በአስቸኳይ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፤ ኤምአርአዩም በዚያው ቀን ይነሳ።

ይህ ከሌለ «ግራ ኤል-5» ብላችሁ ጻፉና ፎቶውን ክፈቱ። ኤል-5ን አብዛኛውን ጊዜ የሚጫነው በኤል-4 እና በኤል-5 አጥንቶች (ነርቮቹ ስማቸውን የወሰዱት ከእነሱ ነው) መካከል ያለው ዲስክ ነው። ካልገጠመ ወደ ታካሚው ተመለሱና እንደገና መርምሩ፤ አለመግጠሙንም መዝግቡ። ዛሬ ኤምአርአይ የሚያነቡ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች እየተሠሩ ነው። ብዙዎቹ የሚማሩት ግን ከፎቶውና ከራዲዮሎጂስቱ ንባብ ነው። የጣቱ ድካም፣ የእግሩ ዲግሪ፣ የመደንዘዙ ቦታ ከፎቶው ጋር ካልገባላቸው የገፋ ዲስክ ይቆጥራሉ እንጂ የተጫነ ነርቭ አይለዩም። ስለዚህ መዝገባችሁ ላይ «ነርቭ ተነክቷል» ብላችሁ አትለፉ። የትኛው ጎን፣ የትኛው ጣት፣ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሆነ ጻፉ።